ስድስተኛዋ የኮት ቁልፍ

ማርልሻም ውስጥ ሐሙስ ጠዋት ቤቱ የሚውል ሰው ወይ ታሟል ወይ የኛ ከተማ ሰው አይደለም። ሐሙስ ገበያ ነው። እኔ ጆዲ ነኝ፤ አደባባዩ ላይ፣ ባንኩ ፊት ለፊት ቫኔን አቁሜ ሻይና የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በዳቦ እሸጣለሁ። ባንኩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አሁን የጥፍር ቀለም መቀቢያ ቤት ነው፤ እኛ ግን ዛሬም "ባንኩ" ነው የምንለው። ትምህርት ላይ ብዙም አልገፋሁም። ወሬ ግን አያልቅብኝም። ለዚህ ነው የአቭሪልን ነገር አንድ ሰው ይጻፈው ሲባል ሁሉም ዞሮ እኔን ያየኝ። ማል ዓሣ ሻጩ፣ "ጻፊው ባክሽ፤ ቢያንስ እየጻፍሽ እያለ ጆሯችን ያርፋል" አለኝ። ይኸው ጀመርኩ።

አቭሪል ስቶዳርት የልብስ ቁልፍ ነው የምትሸጠው። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክር፣ መርፌ፣ ላስቲክ፣ ለሐዘን የሚሆን ጥቁር ሪባን ሳይቀር። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ግን አንቺ ነው የምንላት። እርስዎ ያላት ሰው የሆነ ነገር ሊወስድባት የመጣ ይመስላታል። እሷ ደግሞ ሁሉንም "ሆዴ" ነው የምትለው፤ ቄሱንም፣ ፖሊሱንም፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጠውን የማልን ውሻም።

ቦታዋ ቅቤ ተራ ነው፤ አደባባዩ መሀል፣ በድንጋይ ምሰሶ ላይ የቆመው ጣሪያ ሥር። ድሮ የገጠር ሴቶች ቅቤና እንቁላላቸውን ይዘው እዚያ ይቀመጡ ነበር አሉ። ቅቤው ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ከገበያችን ዝናብ የማያገኘው እሱ ብቻ ነው፤ በኛ አገር ደግሞ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ያለው ሰው ርስት አለው ማለት ነው። አቭሪል ቦታውን የወረሰችው ከእናቷ ነው። በልጅነቷ ጓንት ፋብሪካ ገብታ ነበር፤ ሥራዋ አውራ ጣቱን መስፋት ነው፣ ቀኑን ሙሉ አውራ ጣት ብቻ። ፋብሪካው ሲዘጋ እናቷ፣ "ነይ እኔ ጋ፤ ቢያንስ ሙሉ ሰው ታያለሽ" አለቻት። መጣች፤ እንደመጣች ቀረች።

ባሏ ዴኒስ የከብት ገበያው ውስጥ በግ ነጂ ነበር፤ በጎቹን ከበረት አውጥቶ ጨረታ ወደሚጮህበት ክብ ሜዳ ያስገባል። ያኔ ሐሙስ ማለት ቁልፍና ዓሣ ብቻ አልነበረም። በግ የጫነ መኪና መንገዱን ይሞላዋል፤ ገበሬዎቹ ሸጠው እስኪወጡ ሚስቶቻቸው አቭሪል ጋ ቆመው ቁልፍ እየነካኩ ያወራሉ። ከዚያ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ መጣ። እኔ ያኔ ገና በእናቴ ሆድ ነኝ፤ የነገረኝ ማል ነው። ከብቱ እየተገደለ ተቃጠለ፤ ጭሱ ከኮረብታው ማዶ ይታይ ነበር አለኝ። የከብት ገበያው "ለጊዜው" ተብሎ ተዘጋ። ለጊዜው እንደተባለ ቀረ። በረቱ ፈርሶ ሱፐርማርኬት ተሠራበት። ዴኒስም ሥራ አገኘ፤ እዚያው ሱፐርማርኬት፣ የገዢዎችን ጋሪ ከመኪና ማቆሚያው መሰብሰብ። ዕድሜ ልኩን በግ በነዳበት መሬት ላይ ጋሪ ነዳ። ሰው ሲያዝንለት፣ "ጋሪ ይሻላል፤ ጫማዬ ላይ አይጸዳዳም" ይል ነበር አሉ። እሱ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ አቭሪል ግን ዛሬም ባዶ ጋሪ ስታይ ትስቃለች።

አሁን ወደ ስድስተኛዋ ቁልፍ ልምጣ።

አቭሪል ጋ ሄደሽ ለኮትሽ አምስት ቁልፍ ብትገዢ፣ አምስቱን ቆጥራ በወረቀት ከረጢት ትሰጥሻለች። ከዚያ ምንም ሳትል አንዲት ተመሳሳይ ታነሳና ከኋላዋ ከተደረደሩት ጣሳዎች አንዱ ውስጥ ጠብ ታደርጋታለች። የብስኩት ጣሳ፣ የከረሜላ ጣሳ፣ የሻይ ጣሳ፤ ክምር ነው። እንግዳ ሰው "ያቺስ ምንድን ናት?" ብሎ ከጠየቀ፣ "እሷ የምትጠፋብህ ናት፣ ሆዴ" ትለዋለች። ዋጋ የላትም። ከዓመታት በኋላ አንዷ ቁልፍሽ አውቶቡስ ላይ ተበጥሳ ትቀራለች፤ ደረትሽን በእጅሽ ይዘሽ ትመጫለሽ። አቭሪል ኮቱን አየት ታደርግና ጣሳ ትከፍታለች።

እኔም አንድ ቀን እንደዚያ ሆኜ ሄጃለሁ። ተማሪ ነበርኩ፤ እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፤ ኮቴ የተገዛው ሰው የለገሰው ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሁለተኛዋ ቁልፍ ወደቀች። አቭሪል ኮቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አንዱን ጣሳ ከፍታ ትክክለኛዋን አወጣች፤ እዚያው እንደቆምኩ ሰፋችልኝ። ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ያቺ ቁልፍ የተቀመጠችው ለእኔ አልነበረም፣ ኮቱ ድሮ ለነበራት ልጅ ነው። ልጅቷ ደግሞ ክፍላችን ውስጥ ነበረች። አቭሪል የማንን ኮት እንደለበስኩ እያየች አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ራሴ አውርቼው የማላውቀው ወሬ ይሄ ብቻ ነበር፤ ይኸው ዛሬ አወራሁት።

የገበያውን ደንብ ሳልነግራችሁ ቀጣዩ አይገባችሁም። ሐሙስ ጠዋት የገበያው ሹም ሚስተር ክራብትሪ የእጅ ደወላቸውን ይዘው ይወጣሉ። ደወሉ ሳይደወል መሸጥ ነውር ነው፤ እኔ እንኳን ሻይ አልቀዳም። ከደወሉ በኋላ ቦታ በቦታ ስም ይጠራሉ፤ ባለቦታው "አለሁ" ይላል። ቦታ የሌላቸው ነጋዴዎች፣ ተጠባባቂ የምንላቸው፣ የድሮው የፈረስ ውኃ ገንዳ አጠገብ ዕቃቸውን ይዘው በተራቸው ይቆማሉ። አንድ ባለቦታ ሦስት ሐሙስ ቢቀር ይታገሡታል፤ ጓደኛው ዕቃውን ቢሸጥለትም ምንም አይሉም። በአራተኛው ግን እሱ ራሱ ወይ የቤተሰቡ ሰው ቆሞ "አለሁ" ካላለ፣ ቦታው ለመጀመሪያው ተጠባባቂ ይሄዳል፤ ሄደ ማለት ሄደ ነው። እሱ ካልፈለገ ለሚቀጥለው። ሁሉም ካልፈለጉ ባለቤቱን ይጠብቃል ይላል ደንቡ። ግን ማን ነው ቅቤ ተራን የማይፈልግ?

ደንቡ ሲላላ ያየሁት ኮሮና ጊዜ ብቻ ነው። ገበያ የለም፤ ሚስተር ክራብትሪ ግን ሐሙስ ሐሙስ ባዶው አደባባይ ላይ ደውለው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዙሪያውን የሚኖሩት በመስኮት ብቅ እያሉ ላለውም ለሌለውም "አለ" ይላሉ። አቭሪል ያኔ ያላትን ላስቲክ ሁሉ አውጥታ የቤቷ አጥር ላይ ሰቀለችው። ከተማው ጭምብል ይሰፋ ነበርና ላስቲክ ከየትም ጠፍቶ ነበር። ማንም መጥቶ ቆርጦ ይወስዳል፤ እሷ በመስኮት ሆና ቆራጩን ትመክራለች፤ "ጆሮህ ትልቅ ነው ሆዴ፣ ትንሽ ጨምር።"

ባለፈው መከር ዳሌዋ እምቢ አለ። ስትራመድ ጥርሷን ትነክሳለች፤ ግን ወንበር ስጧት አትቀመጥም። ኦፕራሲዮን ተራሽ ደርሷል ተብላ ተጠርታ ሁለቴ ቀረች። ለምን ስላት አልነገረችኝም፤ ማል ነው ያወጣጣት። ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የገና በዓል እስኪያልፍ መቆም የለም ብሏታል። ልጇ ስቱዋርት አውስትራሊያ ነው፤ ከዚያ ሆኖ "አለሁ" ማለት አይቻልም። ሌላ ቤተሰብ የላትም። በቃ፣ አራተኛው ሐሙስ ሲመጣ ቅቤ ተራ ይሄዳል።

"ለመሆኑ ይሄን ያህል ምን አለው?" አላት ማል። "አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ፣ ዕድሜሽ ነው።"

"ቤቴ አንድ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን አለ" አለችው። "ሐሙስ ከሌለኝ፣ ረቡዕና አርብን በምን እለያቸዋለሁ?"

ማል ወደ ዓሣው ተመለሰ። ቢሆንም ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ እኔና እሱ ወጥረን ያዝናት። ጠረጴዛሽን እኛ እንጠብቃለን፣ የቦታውን ነገር ለእኛ ተዪው አልናት። እንዴት አድርገን እንደሆነ አላወቅንም፤ ግን አልን። ሄደች።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሚስተር ክራብትሪ "ቅቤ ተራ፣ ስቶዳርት" ብለው ሲጠሩ፣ ማል ከዓሣው ጀርባ ሆኖ ድምፁን አቅጥኖ "አለሁ" አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ክራብትሪ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "እኔ እስከማውቀው ወይዘሮ ስቶዳርት ጢም የላቸውም" አሉና አለፉ። በኋላ ሻይ ሊገዙ ሲመጡ ለመንኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ስኳሩን ሲያማስሉ ቆዩና፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ ለአንዱ ካጠፍኩት ለሁሉም እንደታጠፈ ይቀራል አሉኝ። "እኔም ይከፋኛል፣ ጆዲ" አሉ። ያን ቀን ሻዩን ሳይጨርሱት ሄዱ።

ሁለተኛው ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ ገዢ የለም። እኔና ማል ቅቤ ተራ ሥር ቆመን ጣሳዎቹን አየናቸው። አንዱን ብንከፍት ቀይ፣ ቡኒ፣ ነሐስ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ሁሉም ድብልቅ። ሌላውም እንደዚያው። ምስኪን፣ ዳሌዋ እያመማት ማስተካከያ ጊዜ አጥታ ነው አልን። ደስ ይበላት ብለን ማል ሮጦ ክዳን ያላቸው ጥርት ያሉ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዛ፤ ቀኑን ሙሉ ስንለይ ዋልን። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ፤ በቀለም ውስጥ ደግሞ በትልቅነት። የዓሣ ሽታ እንዳይነካቸው ማል ጓንት አድርጎ ነበር። ሲያልቅ ቀስተ ደመና መሰለ። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። እግዜር ይስጠው ስልኳ አሮጌ ነው፤ ፎቶ አይቀበልም።

ሊመሽ ሲል ሚል ሌን የሚባለው መንገድ ላይ የምትኖረው ፍሬዳ መጣች። አረንጓዴ ኮቷን አውልቃ፣ አንዷ ቁልፌ ሄዳለች፣ ስድስተኛዋን ስጡኝ አለች። የትኛው ሳጥን እንደሆነ እንጃ አልናት፤ አረንጓዴ እዚያ ጋ ነው።

"ሳጥን ምንድን ነው? ክዳኑ ላይ ውሻ ያለበት ጣሳስ?"

"ባዶ ነው" አላት ማል፣ በኩራት። "ለየነው።"

ፍሬዳ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነገረችን። ውሻ ያለበት ጣሳ ሚል ሌን ነው። ሰዓት ያለበት የብስኩት ጣሳ በግ ተራ፣ ሐምራዊው የከረሜላ ጣሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት ቤቶች። እያንዳንዱ መንገድ ጣሳ አለው። አቭሪል ኮትሽን ስታይ ቤትሽን ታውቃለች፤ ቤትሽን ስታውቅ ጣሳውን፤ አንድ ጣሳ ውስጥ ደግሞ መፈለግ ቀላል ነው።

"ከተማውን በሙሉ እኮ ሾርባ አደረጋችሁት" አለች።

ማል ጓንቱን አወለቀ።

እሑድ የወይን ፍሬ ገዝተን ልንጠይቃት ሆስፒታል ሄድን። ልንነግራት ነበር ሐሳባችን። ገና ሳንቀመጥ ጣሳዎቼ ደህና ናቸው ወይ አለች። ማል ደነገጠና፣ "ደህና ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው" አለ። አቭሪል ከትራሷ ቀና አለች። ንጹሕ ስትል ምን ማለትህ ነው፣ ማነው ያጸዳቸው ብላ አፋጠጠችው። ማል ከድንጋጤው የተነሳ ያመጣንላትን ወይን አንድ በአንድ በላው፤ አፉ ሞልቶ ስለነበር መልስ ሳይሰጥ ሰዓት አለቀ። ስንወጣ፣ "ዓይኔን ለአፍታ ብከድን ያ ሰው ምን እንደሚሠራ አላምነውም" ስትል ለነርሷ ሰማናት።

ስለዚህ ከተማውን መለመን ነበረብን። የከተማው የፌስቡክ ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ ግን ከፌስቡክ የፈጠነችው ፍሬዳ ናት። ሐሙስ ጠዋት፣ አራተኛው ሐሙስ፣ ከአቭሪል ቁልፍ ገዝታችሁ የምታውቁ ሁሉ ልብሱን ይዛችሁ ኑ፤ ቁልፋችሁን ለዩና ከየትኛው መንገድ እንደሆናችሁ ንገሩን፣ ወደየጣሳው እንመልሳታለን አልን። ቀኑን የመረጥነው ከዚያ ቀደም የሚመች ስላልነበር ብቻ ነው። ቦታው የሚጠራበት ቀን መሆኑን ማናችንም አልዘነጋንም፤ ግን የቦታው ነገር በእጃችን አልነበረም። በአንድ ሰው እጅ ነበር።

ሰውየው ሎይድ ፊንች ነው፤ የመጀመሪያው ተጠባባቂ። የስልክ ከቨርና ጃንጥላ ይሸጣል። ከቀለበት መንገዱ ማዶ ካሉት አዲሶቹ ቤቶች ነው የሚኖረው፤ ሮዋን የምትባል ትንሽ ልጅ አለችው። ሁለት ክረምት ገንዳው አጠገብ ዝናብ ሲወርድበት ቆሟል፤ ካርቶኑ በስብሶ ዕቃው መሬት ሲፈስ አይቼዋለሁ። ተራው ነው። ማንም ተራህን ተው ሊለው አይችልም። ማል ልለምነው ብሎ ነበር፤ ተው አልኩት፤ ለምነነው እሺ ቢል የኛን ሐዘን በሱ ላይ ጫንንበት ማለት ነው፣ እምቢ ቢል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጠላት ሆነ። ሳንለምነውም ግን አንዳንድ ሰው ፊቱን አጠቆረበት። ሻይ ሊገዛ መጥቶ ነገረኝ።

"መቃብር ቆፋሪ አስመሰሉኝ እኮ" አለኝ። "ሴትዮዋን በዓይኔ አይቻት እንጂ አናግሬያት እንኳን አላውቅም።"

"ያንተ ጥፋት የለበትም" አልኩት። እውነቴን ነው።

"የኔ ጥፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሚከብደው።" ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቅቤ ተራ ዞረ። እኔ ሻዩን በነጻ ሰጠሁት፤ ዳቦም ጨመርኩለት፤ የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

አራተኛው ሐሙስ ነጋ። እኔ ሃያ ሰው ከመጣ ጥሩ ነው ብዬ ነበር። ቫኔን ላቆም ስደርስ ሰልፉ ከቅቤ ተራ ተነስቶ ባንኩን አልፎ ታጥፏል። ሰው ሁሉ ኮት ታቅፎ፤ ኮት ብቻም አይደለም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሕፃን ሹራብ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብስ። ጠረጴዛ በጠረጴዛ ገጥመን ሳጥኖቹን ዘረጋን። ደወል አልተደወለም፤ ግን ይሄ መሸጥ አይደለም፣ መፈለግ ነው። እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! አንዷ ነሐስ ቁልፍ አግኝታ የኔ ናት ስትል ጎረቤቷ፣ ያንቺዋ አይደለችም፣ ያንቺ ኮት ከፍቺው በኋላ የተገዛ ነው ትላታለች። አንድ ሽማግሌ የሚስቱን ዝናብ ኮት ይዞ መጥቶ ቁልፏን ካገኘ በኋላ ኮቱን መልሶ አልታቀፈውም፤ ለበሰው። ጠባብ ነበር፤ ማንም ምንም አላለው። ማል ጣሳዎቹ አጠገብ ቆሞ "ሚል ሌን እዚህ፣ በግ ተራ እዚህ" እያለ ይጮኻል፤ ቁልፍ ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ዝናብ ይመስላል።

ከዚያ ደወሉ ተደወለ።

ሚስተር ክራብትሪ ከዳር ጀምረው ጠሩ። ዓሣ፣ አለሁ። አትክልት፣ አለሁ። አይብ፣ አለሁ። እኔንም ጠሩኝ፣ አለሁ። ቅቤ ተራ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ቅቤ ተራ፣ ስቶዳርት።"

ማንም አልመለሰም። ማል እንኳን አልቀለደም። እንደገና ጠሩ፤ ጠብቀው ደግሞ ጠሩ። ከዚያ ወደ ገንዳው ዞረው፣ "የመጀመሪያ ተጠባባቂ፣ ሎይድ ፊንች" አሉ።

ገንዳው አጠገብ የሎይድ ካርቶን አለ፤ ሎይድ የለም። ሰው ሁሉ በዓይኑ ፈለገው። ሰልፉ ውስጥ ነበር፤ ከፍሬዳ ፊት፣ ትንሽ ሰማያዊ የተማሪ ኮት ክንዱ ላይ ጥሎ።

"ዛሬ ለመሸጥ አልመጣሁም" አለ። "ለልጄ ቁልፍ ፍለጋ ነው የመጣሁት።"

ሚስተር ክራብትሪ ጠጋ አሉ። "ሚስተር ፊንች፣ ምን እንደጠየቅኩዎት ሰምተዋል? ቅቤ ተራን ነው።"

"ሰምቻለሁ። ግን ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ከወጣሁ ፍሬዳ ትገባብኛለች።"

"እገባለሁ" አለች ፍሬዳ።

ሚስተር ክራብትሪ ሁለተኛዋን ተጠባባቂ ጠሩ፤ አበባ ሻጭ ናት። ጫማዋን ጫማዋን እያየች፣ አበባ ዝናብ ይወዳል፣ ጣሪያ ሥር ይጠወልግብኛል አለች። ሦስተኛው ሰውዬ የመኪናውን ሞተር አስነስቶ የተጠራውን እንዳልሰማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌላ ተጠባባቂ አልነበረም። ሚስተር ክራብትሪ በዚያ ሁልጊዜ ስም በሚጠሩበት ደረቅ ድምፅ፣ "ቅቤ ተራ ባለቤቱን ይጠብቃል" አሉ፤ ደወሉንም አንድ ጊዜ መቱት። ጩኸት የለም፣ ጭብጨባ የለም። አንድ ሰው ብቻ በአፍንጫው ሳብ አደረገ፤ ማል ነው፤ ዓሣው ነው አለ። ገበያው ጀመረ። ያን ቀን የሎይድ ከቨርና ጃንጥላ ቀትር ሳይደርስ አለቀ፤ ስልክ የሌላት ፍሬዳ እንኳን ከቨር ገዝታለች።

አንድ ነገር ግን አልሞላም። የሎይድን ቁልፍ አላገኘንለትም፤ የሮዋንን ኮት ቁልፍ ማለቴ ነው። ሰማያዊውን ሳጥን ሦስት ሆነን ገለበጥነው። ኮቱ ከሌላ ከተማ የተገዛ ነው፤ ከአዲሶቹ ቤቶች ማንም አቭሪል ጋ ገዝቶ አያውቅም፤ ለእነሱ የተቀመጠች ስድስተኛ አልነበረችም። ቦታውን ትቶ ለቁልፍ መጣ፤ ቁልፉም አልተገኘ። የማይመሳሰል ሰፋሁለት። አመስግኖኝ ሄደ።

የገና በዓል አለፈ፤ አቭሪል በምርኩዝ መጣች። ደወሉ ተደወለ፤ "ቅቤ ተራ፣ ስቶዳርት" ሲባል "አለሁ" አለች፤ እንዲያው እንደ ማንኛውም ሐሙስ፣ ዞር እንኳን ሳትል። ከዚያ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ አየች። ግማሹ ሰው ቁልፉን የሌላ መንገድ ጣሳ ውስጥ ጨምሮ ስለነበር ገና ብዙ ድብልቅ አለ፤ አንድ የፕላስቲክ ሳጥንም ረስተን ቀርቷል። አነሳችው።

"በቀለም?" አለች። "ማል፣ በቀለም ነው የለየኸው?"

"በትልቅነትም ጭምር" አለ ማል።

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችው። መካከላቸው በረዶ ነበር። ከዓሣውም አልገዛችም፤ ውሻውን ብቻ ነው "ሆዴ" የምትለው። እኔንም ጨምራ ተቆጣችኝ፤ ይገባናል። ግን ፍሬዳ የዚያን ሐሙስ ነገር ከሥር ከመሠረቱ ስትነግራት ሰማች። ስትጨርስ ምርኩዟን አንስታ አደባባዩን አቋርጣ ገንዳው ጋ ሄደች። እየዘነበ ነበር። ሎይድ ከጃንጥላዎቹ አንዱን ዘርግቶ ለካርቶኑ ይዞለታል፤ ራሱ ይበሰብሳል።

"ያንን ካርቶን አንሳና ና" አለችው።

"ወዴት?"

"እናቴንና ስንቱን ቅቤ ሻጭ የቻለ ጣሪያ አንተን አያቅተውም። ግማሹን ጠረጴዛ ውሰድ። እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ ነው የምሸጠው፤ ተቀማጭ ሰው ሰፊ ቦታ አይፈልግም።"

ሚስተር ክራብትሪ አዩና መጡ። አንድ ቦታ ሁለት ነጋዴ አይሆንም፣ የቤተሰብ ሰው ካልሆነ በቀር አሉ፤ ደንቡ ነዋ።

"የቤተሰቤ ሰው ነው" አለች አቭሪል።

"በየት በኩል፣ ወይዘሮ ስቶዳርት?"

"በዝናብ በኩል።"

ሚስተር ክራብትሪ ሎይድን አዩት፤ ውኃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ "ገባኝ" ብቻ አሉና ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ሐኪም ጋ ስትሄድ "ቅቤ ተራ፣ ስቶዳርት" ሲባል "አለሁ" የሚለው ሎይድ ነው፤ ማንም አይስቅም። አሁን ቁልፍ የሚገዛ ጃንጥላ ይገዛል፤ ጃንጥላ ሊገዛ የመጣ አቭሪል ጋ ቆሞ ያወራል። ሰው ጠፍቶበት የነበረው ገበያ እንደገና ግርግር ይላል፤ እኔም ሻይ እሸጣለሁ፤ አልከሰርኩም።

የሚቀጥለው ሐሙስ የትምህርት እረፍት ነበርና ሎይድ ሮዋንን ይዟት መጣ። አቭሪል ኮቱን አየች። እኔ የሰፋሁትን ቁልፍ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ይሄን የሰፋው ሰው ሻይ ይሽጥ" አለች፤ ሰምቻታለሁ። አንዱን ብቻ አልቀየረችም። አምስቱንም ፈታች፤ ሮዋን ራሷ የመረጠቻቸውን፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆነው መሀላቸው ላይ መልሕቅ ያለባቸውን፣ ተቀምጣ አንድ በአንድ ሰፋች። ሎይድ ስንት ነው ሲላት አልሰማችውም፤ መስማት ሳትፈልግ አትሰማም።

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ባዶ ጣሳ አወጣች፤ ለገና በዓል የበላችው ቸኮሌት ጣሳ ነው፣ ክዳኑ ላይ ወፍ ያለበት። አዲሶቹ ቤቶች እስከዚያ ቀን ጣሳ አልነበራቸውም። ስድስተኛዋን ቁልፍ ለሮዋን ሰጠቻት፣ አንቺ ክተቻት ብላ።

"ይቺ የማን ናት?" አለች ልጅቷ።

"ያንቺ ናት፣ ሆዴ። የምትጠፋብሽ።"

ሮዋን ጣሳው ላይ አጎንብሳ ለቀቀቻት። ባዶ ጣሳ ነውና ድምፁ እስከ ቫኔ ድረስ ተሰማኝ።